የውጭው አየር ስንት ዲግሪ ነው?

ከአዲስ አበባ ወደ ሩቅ አገር የበረራችሁ፣ ወይም ለዘመድ ጥየቃ ከውጭ ወደ አገር ቤት የምትመላለሱ፣ ከፊታችሁ ያለችው ስክሪን የምታሳየውን ቁጥር ሳታዩ አልቀራችሁም። ከፍታ ይህን ያህል፣ ፍጥነት ይህን ያህል፣ የውጭ ሙቀት ከዜሮ በታች 54 ዲግሪ። ያንን 54 የሚያነብ መንገደኛ፣ ከውጭ የተሰካ ቴርሞሜትር ቁጥሩን እንዳለ ወደ ውስጥ የሚልክ ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። በአውሮፕላኑ አፍንጫ አካባቢ የተተከለው መለኪያ የተሰማው ሙቀት ከዜሮ በታች 23 ገደማ ነው። የድምፅን ፍጥነት 85 በመቶ ያህል ይዞ የሚገሰግስ አውሮፕላን ከፊቱ ያገኘውን አየር ይጨምቀዋል፤ የተጨመቀ አየር ደግሞ ይሞቃል፤ ያውም ከ30 ዲግሪ በላይ። 54 የሚለውን ቁጥር የሚያወጣው ኮምፒውተሩ ነው። ፍጥነቱን ስለሚያውቅ፣ ፍጥነት የጨመረውን ሙቀት አስልቶ ይቀንሳል።

ዛሬ የምናወራው ግን ስለዚያ ትልቅ አውሮፕላን አይደለም። በገዛ ጋራዡ፣ በገዛ እጁ ትንሽ አውሮፕላን የሚገጣጥም ሰው ይህችን የሙቀት መለኪያ የት ይትከላት? ጥያቄያችን ይህ ነው።

በእጅ የሚገጣጠም አውሮፕላን በብዛት የሚሠራው አሜሪካ ውስጥ ነው። እዚያ የሥራውን ከግማሽ የሚበልጥ ክፍል ለትምህርቱ ወይም ለመዝናኛው ብሎ በራሱ እጅ የሠራ ሰው፣ አውሮፕላኑን አስመርምሮና አስመዝግቦ እንዲያበር ሕጉ ይፈቅድለታል። እነዚህን ሰዎች የሚያሰባስበው ማኅበር፣ ኤክስፐሪሜንታል ኤርክራፍት አሶሴሽን፣ በፖል ፖበረዝኒ መሥራችነት እ.ኤ.አ. በ1953 በዊስኮንሲን የተቋቋመ ነው። በየዓመቱ በሐምሌ ወር ኦሽኮሽ በምትባለው ከተማ የሚያዘጋጀው ትርኢት ሰማዩንም ሜዳውንም በአውሮፕላን ይሞላዋል። ክፍሎቹን አዘጋጅተው ከሚሸጡት ድርጅቶች ስሙ በሰፊው የሚነሣው ሪቻርድ ቫንግሩንስቨን እ.ኤ.አ. በ1973 ኦሬጎን ውስጥ የመሠረተው ቫንስ ኤርክራፍት ነው። አር ቪ የሚል ስም ካላቸው አውሮፕላኖቹ ከ10 ሺህ በላይ የሚሆኑት በየባለቤታቸው ተገጣጥመው በረዋል። ስለዚህ እኔም ለዛሬው ምሳሌ የምወስደው አር ቪ 7ን ነው፤ ከላሜራ የተሠራ፣ ሞተሩ ከፊት፣ ክንፉ ከታች፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ፣ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር በቀላሉ የሚበር።

መለኪያዋ ራሷ ትንሽ ናት፤ ጣት የማታህል የብረት ዘንግ፣ ከኋላዋ ሽቦ፣ ጥርስ ያለው አንገትና ማሰሪያ ዳዶ። ሠሪው ትራፓኖውን ይዞ አውሮፕላኑን ይዞራል። የት ልብሳ? ብዙዎች ሽቦው የሚያጥርበትን ቦታ ይመርጣሉ። ሽቦ የሚያጥርበት ቦታ ደግሞ ለሞተሩ የቀረበው ነው። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ቦታውን ከመምረጣችን በፊት ግን ቁጥሩ ለምን እንደሚያስፈልገን እንይ። የመጀመሪያው ጉዳይ የአየሩ ስስነት ነው። ሞቃት አየር ስስ ነው፤ ክንፉን የማንሣት፣ ሞተሩንም የመመገብ ኃይሉ ይቀንሳል። ሙቀቱ ለዚያ ከፍታ ከተቀመጠው መደበኛ ልክ በ1 ዲግሪ ሲያልፍ፣ አውሮፕላኑ 36 ሜትር ያህል ወደ ላይ የወጣ ያህል ይደክማል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ነው። ለዚህ ከፍታ መደበኛው ሙቀት ዜሮ ዲግሪ ገደማ ነው። እንግዲህ ከሰዓት በኋላ ቴርሞሜትሩ 25 ሲያሳይ፣ ከቦሌ የሚነሣ አውሮፕላን ከእንጦጦ አናት የተነሣ ያህል፣ ከ3,200 ሜትር በላይ እንዳለ ሆኖ ነው የሚያኮበኩበው። የሚያስፈልገው የአስፋልት ርዝመትና ወደ ላይ የመውጣት አቅሙ የሚሰላው በዚህ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ፍጥነት ነው። አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ የሚጓዝበት እውነተኛ ፍጥነት የሚሰላው ከግፊትና ከሙቀት ነው። የ5 ዲግሪ ስሕተት ፍጥነቱን በ1 በመቶ ገደማ ያዛባል፤ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ስክሪኑ ላይ የሚታየው የነፋስ ፍጥነትና አቅጣጫም አብሮ ትንሽ ይንሻፈፋል። ያስቆጣ ይሆናል እንጂ ሰው አይገድልም።

ሦስተኛው በረዶ ነው። ሰው የሚገድለው ይህ ነው።

ደመና ውስጥ ያለ የውሃ ጠብታ ከዜሮ በታች ወርዶም ሳይረጋ ፈሳሽ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ክንፍ ሲነካው ግን እዚያው ይረጋል። ክንፉ ላይ የተጋገረ በረዶ ክብደት ከመጨመሩ በላይ የክንፉን ቅርጽ ያበላሻል፤ ቅርጹ የተበላሸ ክንፍ ደግሞ አይሸከምም። በእጅ ከተገጣጠሙት አውሮፕላኖች አብዛኞቹ ይህን በረዶ የሚያስወግድ መሣሪያ የላቸውም፤ አብራሪው ያለው ብቸኛ መከላከያ ወደዚያ አየር አለመግባት ነው። አለመግባት የሚችለው ደግሞ የዜሮን መስመር በትክክል ካወቀ ነው። ካርቡሬተር ላለው ሞተር ሌላ ጣጣ አለ። በካርቡሬተሩ ጉሮሮ የሚያልፈው አየር፣ ነዳጁ በሚተንበት ጊዜ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ሊወርድ ስለሚችል፣ ውጭው 20 ዲግሪ ሆኖ እንኳ አየሩ እርጥብ ከሆነ ውስጡ በረዶ ይጋገራል፤ ሞተሩም ይታፈናል።

አሁን ይህን ልብ በሉልኝ፣ የዛሬው ነገሬ ዋናው እሱ ነው። ቦታዋን የሳተች መለኪያ ግማሹን ጊዜ ወደ ሙቀት፣ ግማሹን ጊዜ ወደ ቅዝቃዜ አትሳሳትም። ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ የምትሳሳተው ወደ ሙቀት ነው። ሞተሩ ያሞቃታል፣ ፀሐይ ያሞቃታል፣ ላሜራው ያሞቃታል፣ ፍጥነቱ ያሞቃታል። እንዲህ ያለው ስሕተት ለመነሻ ሒሳብ ብዙም አይጎዳም፤ አየሩ ከሆነው በላይ ሞቃት ነው ብሎ ያሰበ አብራሪ ረዘም ያለ ሜዳ ያዘጋጃል፣ ጭነት ይቀንሳል። ለበረዶ ግን ይኸው ስሕተት ወጥመድ ነው። መለኪያዋ ከዜሮ በላይ 6 ትላለች፤ አብራሪው ልቡ ሞልቶ ደመናው ውስጥ ይገባል፤ ውጭው ግን ከዜሮ በታች 1 ነው። ለዚህ ነው «ሁለት ሦስት ዲግሪ ምን አላት» የሚለውን አነጋገር የማልቀበለው።

እንግዲህ አውሮፕላኑን እንዙር።

ከሞተሩ ኮፈን በስተኋላ ያለው የቦዲው ጎን የመጀመሪያው ፈተና ነው። ከዳሽቦርዱ አንድ ክንድ ስለማይርቅ ሽቦው ያጥራል። ግን ሞተሩን ያቀዘቀዘው ትኩስ አየር በኮፈኑ ስፌትና ጠርዝ እየሾለከ የሚያልፈው በዚያው በኩል ነው። ፕሮፔለሩ ደግሞ አየሩን ቀጥ አድርጎ ወደ ኋላ አይልከውም፤ ቦዲውን እየጠመዘዘ ይጠቀልለዋል። ስለዚህ በግራ የሾለከ ሙቀት የግድ በግራ ይቀራል ማለት አይቻልም።

የሆዱ ሥር ከሁሉ የከፋ ነው። የጭስ ማውጫው ቱቦ የሚወጣው በዚያ ነው፤ የሞተሩ ማቀዝቀዣ አየርም የሚወጣው በዚያው ነው። ከበረራ በኋላ ሆዱን በጨርቅ ጥረጉት፤ ጥቀርሻና ዘይቱ እስከ ጭራ ድረስ መሥመር ሠርቶ ታገኙታላችሁ። ያ መሥመር የሙቀቱ መንገድ ነው።

ቀጥሎ በጣም የሚወደደው ቦታ የነፋስ መግቢያው ጉሮሮ ነው። በቦዲው ጎን ከላሜራው ጋር እኩል ሆና ወደ ውስጥ የምትሰምጥ፣ ከፊት ጠበብ ከኋላ ሰፋ ያለች ቀዳዳ አለች። ቅርጿ የናሳ ቀዳሚ የነበረው ናካ የተባለው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ያጠናው ነው፤ ዛሬም በስሙ ትጠራለች። መለኪያዋን እዚያ ውስጥ መደበቅ ያምራል፤ ከውጭ ምንም አይታይም፣ ከፀሐይም ትጠለላለች፣ ሽቦውም አጭር ነው። አየር በኃይል እያለፈ እስካለ ድረስ ንባቡ ደኅና ነው። ችግሩ በኋላ ይመጣል። አብራሪው በርዶት የነፋሱን መክፈቻ ሲዘጋ በጉሮሮው ውስጥ ያለው አየር ይቆማል፣ ከካቢኑ ሙቀት ይቀበላል፤ መለኪያዋም የውጭውን ትታ የውስጡን መለካት ትጀምራለች። አስተውሉ፤ አብራሪው መክፈቻውን የሚዘጋው ሲበርደው ነው። ትክክለኛው ቁጥር ከምንጊዜውም በላይ በሚያስፈልግበት ሰዓት መለኪያዋ ትዋሻለች። እኔ በዚህ ምክንያት ይህን ቦታ አልመክርም፤ ብዙ ሰው ተጠቅሞበት ደስ ብሎት ሊሆን ይችላል፣ ቢሆንም አልመክርም።

የክንፉ ጫፍ ከሞተር ሙቀት ነፃ ነው። ነገር ግን እዚያ መብራቶች ይኖራሉ፤ በብዙ አውሮፕላኖች የኤሌክትሮኒክ ኮምፓሱም እዚያ ነው፣ ከአጠገቡ የብረት ዳዶ መምጣቱን አይወድም። የክንፉ የላይ ገጽ ደግሞ ፀሐይ የሚመታው ስለሆነ ምንም አያከራክርም፤ አይሆንም።

የሚቀረን የክንፉ ሥር ነው፤ የኔም ምርጫ እሱ ነው። ክንፉ ራሱ ጥላ ይሆናታል። ከጭስ ማውጫው መንገድ ትርቃለች፤ ግን ለዚህ ከፕሮፔለሩ ክብ ውጭ መሆን አለባት። የአር ቪ ፕሮፔለር ከጫፍ ጫፍ 1 ሜትር ከ80 ገደማ ነው፤ ስለዚህ ከአውሮፕላኑ መካከለኛ መሥመር ቢያንስ ከአንድ ሜትር በላይ መራቅ ያስፈልጋል፤ እኔ ሁለት ሜትር ብል ደስ ይለኛል። በአር ቪ ክንፍ ውስጥ ግን ከቦዲው ጀምሮ የፊተኛው ጠርዝ የነዳጅ ታንክ ነው። እዚያ ትራፓኖ ማስጠጋት ክልክል መሆኑን መናገር አያስፈልገኝም። ከታንኩ ሥር ባለው ገጽ አጠገብ መትከልም ጥሩ አይደለም፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ነዳጅ ሙቀቱን ለረጅም ሰዓት ይዞ ይቆያል፣ የታንኩም ላሜራ አብሮት ይሞቃል።

ሁነኛው ቦታ ከክንፉ ሥር፣ ወደ ክንፉ ጫፍ ፈቀቅ ብሎ ያለው የመፈተሻ ክዳን ነው። በብሎን የታሰረች ትንሽ ላሜራ ናት፤ የመሪ ዘንጎቹን ለመፈተሽ ትከፈታለች። ቀዳዳውን በክንፉ ላይ ሳይሆን በክዳኑ ላይ ብሱት። ቦታው ካልተስማማ አዲስ ክዳን ቆርጦ መተካት የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ የክንፍ ላሜራን መጠገን ግን ሌላ ታሪክ ነው። ፍጥነት የሚለካው የፒቶ ቱቦ በዚያው ክንፍ ላይ ካለ ከፊቱ አትትከሏት፣ አየሩን ታናውጥበታለች፤ ቱቦው በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ከኋላውም አይሆንም።

ሞተሩ ከኋላ የሆነ አውሮፕላን፣ ለምሳሌ የበርት ሩታን ሎንግ ኢዚ፣ ሒሳቡ ይገለበጣል። እዚያ አፍንጫው ንጹሕ ነው፤ ሙቀቱ ሁሉ ወደ ኋላ ስለሚሄድ ከፊት በጥላ በኩል የትም ቢተከል ይሠራል።

ቦታው ተመረጠ እንበል። አሁን ላሜራውን እንፍራ። አሉሚኒየም ሙቀትን በፍጥነት ያሻግራል፤ የመለኪያዋ አንገት በቀጥታ ላሜራውን ከነካ፣ የምትለካው ግማሹን አየር፣ ግማሹን ክንፍ ነው። ስለዚህ ቀዳዳውን ትንሽ ሰፋ አድርጉና በመካከል የናይለን ቡሽ አስገቡ፤ በሁለቱም በኩል የብረት ሮንዴላ ሳይሆን የናይለን ሮንዴላ አድርጉ። ዙሪያውን በሲሊኮን ድፈኑት፤ ካልተደፈነ በክንፉ ውስጥ የታቆረው ሞቃት አየር በቀዳዳው እየሾለከ መለኪያዋን ያጥባታል። ጫፏ ከላሜራው ገጽ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ትውጣ፤ ከላሜራው ጋር ተጣብቆ የሚሄደው ቀርፋፋ የአየር ሽፋን ከክንፉ ሙቀት ይወስዳልና።

ሽቦው ሌላ የስሕተት በር ነው። ፒቲ 100 የሚባለው የፕላቲነም መለኪያ በዜሮ ዲግሪ 100 ኦም ነው፤ በየዲግሪው 0.385 ኦም ይጨምራል። እስከ ክንፉ 5 ሜትር የሚሄድ ቀጭን የመዳብ ሽቦ፣ ሄዶ ሲመለስ ግማሽ ኦም ገደማ ይሆናል። መለኪያዋ ባለ ሁለት ሽቦ ከሆነች ይህ ብቻውን ከ1 ዲግሪ በላይ ስሕተት ነው፤ አሁንም ወደ ሙቀት! ባለ ሦስት ሽቦ የሆነው ዓይነት ይህን ራሱ ያካክሳል። ቴርሞካፕል ከሆነ ደግሞ መቀጠያው ሽቦ ለዚያው ዓይነት ቴርሞካፕል የተዘጋጀ መሆን አለበት፤ በተራ መዳብ የቀጠለ ሰው መቀጠያው ቦታ ላይ ሌላ መለኪያ ሠራ ማለት ነው።

ከመትከላችሁ በፊት ራሷን መለኪያዋን ፈትኗት። የተፈጨ በረዶ በፔርሙስ ሙሉ፣ ክፍተቱን እስኪሞላ ንጹሕ ውሃ ጨምሩ፣ አማስሉት፣ ጥቂት ጠብቁና ጫፏን ንከሩ። ዜሮ ማለት አለባት። ይህ ፈተና በአዲስ አበባም በባሕር ዳርቻም እኩል ይሠራል። የፈላ ውሃ ግን አዲስ አበባ ላይ 92 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው፤ 100 ብላችሁ ብታስተካክሉባት መለኪያዋን አበላሻችኋት።

ከዚያ በረራ ነው። አየሩ ባልተናወጠበት በማለዳ፣ ከፍታ ሳትቀይሩ፣ መጀመሪያ በሰዓት በ150፣ ቀጥሎ በ300 ኪሎ ሜትር ብረሩ። ፍጥነቱ በራሱ አየሩን ያሞቀዋል ብለናል፤ በ150 1 ዲግሪ የማይሞላ፣ በ300 3 ተኩል ገደማ። ስለዚህ ከዝግታ ወደ ፍጥነት ስትሄዱ ንባቡ 2 ተኩል ዲግሪ ያህል ቢጨምር መለኪያዋ ጤነኛ ናት። ጭማሪው 5 ወይም 6 ከሆነ የሞተሩ ሙቀት እያገኛት ነው። ፍጥነት ጨምራችሁ ንባቡ ከወረደም ያው ነው፤ በዝግታ ስትበሩ ከአንድ ቦታ ሙቀት ሲደርሳት ቆይቶ፣ ነፋሱ ሲበረታ አጠበላት ማለት ነው። ቀጥሎ በተመሳሳይ ፍጥነት ፀሐይን በቀኝ፣ ከዚያ ዞራችሁ በግራ አድርጉ፤ ንባቡ ከተለወጠ ጥላው አልበቃትም። በመጨረሻም ሙሉ ኃይል ሰጥታችሁ አፍንጫውን ቀና አድርጋችሁ ውጡ፤ ከዚያ የሞተሩን ኃይል ቀንሳችሁ በዚያው አየር ውስጥ ውረዱ። በአንዱ ከፍታ ላይ ስትወጡ ያነበባችሁት ስትወርዱ ካነበባችሁት በብዙ ከበለጠ፣ ጭሱ ደርሶባታል። በመውጣቱ ንባብ ብቻ አትፍረዱ፤ በማለዳ ከላይ ያለው አየር ከታችኛው ሊሞቅ ይችላል፣ እሱ የመለኪያዋ ጥፋት አይደለም። ማመሳከሪያ ከፈለጋችሁ የሜትዮሮሎጂ ጣቢያዎች በግሪንዊች ሰዓት እኩለ ሌሊትና እኩለ ቀን ላይ ባሉን ወደ ሰማይ እየለቀቁ የየከፍታውን ሙቀት ይመዘግባሉ።

ወደ ቅዝቃዜ የምትሳሳትበት አንድ ሁኔታ አለ። ከዝናብ ወይም ከደመና እርጥብ ሆና ስትወጣ ውሃው እየተነነ ያቀዘቅዛታል፤ ጥቂት ጠብቁና ይስተካከላል።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ዘመናዊዎቹ ስክሪኖች ንባቡን በቋሚ ቁጥር ከፍ ወይም ዝቅ የማድረግ አማራጭ አላቸው። በረራ ላይ 3 ዲግሪ በዛ ተብሎ 3 ሲቀነስ ብዙ ሰው ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ፍጥነት የሚጨምረው ሙቀት ግን ቋሚ አይደለም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን እሱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ አውሮፕላኑ መሬት ላይ ሲቆም ደግሞ የለም። ያንን ቋሚ ቁጥር በበረዶው ፔርሙስ ላገኛችሁት የመለኪያዋ ስሕተት ብቻ ተጠቀሙበት። የፍጥነቱን ጭማሪ ስክሪኑ ራሱ የሚያሰላ ከሆነ ለእሱ ተዉለት፤ አያሰላም ከሆነ በትንሽ ካርድ ላይ ጽፋችሁ ዳሽቦርዱ ላይ ለጥፉት፦ በሰዓት በ200 ኪሎ ሜትር 1 ተኩል ቀንስ፣ በ300 ኪሎ ሜትር 3 ተኩል ቀንስ፣ ደመና ካለና መልሱ 5 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ አትግባ።